ያልተቋጠረችው ቀን

ደብረ ታቦር ላይ የኅዳር ማለዳ ሙሉ በሙሉ የነቃ አይመስልም። ጉሙ ከጉና ተራራ በኩል ወርዶ በባሕር ዛፎቹ መካከል ያንቀላፋል፤ ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው በውስጡ ሲያልፉ ድምፃቸው ቀድሞ ይደርሳል፣ እነርሱ ዘግይተው ይታያሉ። የገበያው ሱቆች የቆርቆሮ በር አንድ በአንድ ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ እንኳ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ይመስላል። በዚህ ሰዓት ውቢት ደሳለው ከሁሉ ቀድማ ሱቋን ከፍታ፣ ጋቢዋን በትከሻዋ ላይ እንዳደረገች፣ ክር በመርፌ ዓይን ታሾልካለች። አጎንብሳ አትመለከትም፤ ጣቷ መንገዱን ያውቀዋል።

ውቢት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ከአንበሳሜ ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ ገጠር፣ ጤፍና ገብስ በሚያርስ ቤተሰብ ውስጥ ነው። አራት ዓመት በዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ከተመለሰች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ዛሬ የምትተዳደረው ቀሚስ በመቀምቀም፣ ነጠላ በመጠገን፣ ለሙሽሮች ጥልፍ በመጥለፍ ነው። እኔ ከግቢዋ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪ ነኝ። ከገባሁበት ዓመት ጀምሮ በክፍሌ የአንደኝነትን ቦታ ለማንም አስረክቤ አላውቅም፤ ይህን የምጠቅሰው በኋላ ለሚመጣው ነገር መነሻው እሱ ስለሆነ ነው።

በሱቁ ጥግ በነጭ አቡጀዴ ተሸፍኖ የሚቆም አንድ ነገር ነበር። ደንበኞቿ ምንነቱን አይጠይቁም፤ ያውቁታል። ውቢት ለትውልድ አጥቢያዋ ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የተሳለችው ጃንጥላ ነው፤ ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋው ዓይነት፣ ሐምራዊ ከፋይ፣ ዙሪያውን በወርቃማ ዘርፍ የተከበበ። ገዝታ ልትሰጥ ትችል ነበር። ነገር ግን «እጄ ያልደከመበት ነገር የእኔ ስለት አይደለም» ብላ ጥልፉን ራሷ ጀመረችው። መልአኩን በመካከል አደረገችው፤ ክንፎቹን ዘረጋቻቸው፤ የክንፎቹን ላባ አንድ በአንድ ስትጠልፍ ሦስት ዓመት አለፈ።

የሱቅ ጎረቤቷ ንብረት የሚባል ልብስ ሰፊ ነው፤ አፉ ከስፌት መኪናው ይፈጥናል።

«ውቢት፣» ይላል ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ «ይኸ ጃንጥላ ሲጀመር ክረምት ነበር። ይኸው ሦስት ክረምት ዘነበብን።»

«ለአንተ አይደለም የምሠራው።»

«ላባውን ብቻ ስትጨርሽለት በርሮ እንዳያመልጥሽ።»

«ባለፈው ሱሪ የሰፋህለት ሰውዬ መጥቶ ነበር። አንዱ እግሩ አጠረ አለ።»

«የሱሪው ወይስ የሰውየው?» ይላል ንብረት፤ ሁለቱም ሳይሳሳቁ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ዘንድሮ፣ ኅዳር በባተ በሁለተኛው ቀን፣ ጃንጥላው አለቀ። የቀረው በዳሩ ላይ የሚጠለፈው ጽሑፍ ብቻ ነበር። ውቢት ከሥራ ስትመለስ ወደ ክፍሌ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ፋሲካ፣ አንች ጽሑፍሽ ያምራል። በወረቀት ላይ ጻፊልኝና እኔ በላዩ እጠልፍበታለሁ። ለበዓሉ ዐሥር ቀን ቀርቶታል።»

«ምን ብዬ ልጻፍ እትዬ?»

«የተሳልኩበትንና የተሰማሁበትን ቀን። የሚያነበው ሰው እንዲያውቀው።»

«እንግዲያው ከሥሩ ንገሪኝ።»

ነገረችኝ። ስትናገር በሩቅ ያለ ነገር የምታይ ይመስል ነበር፤ እኔም እየቆየሁ አብሬያት ማየት ጀመርኩ። ቤቱ ሦስት ፎቅ ነው፤ ነጭ ነው፤ መስኮቶቹ አይከፈቱም። ውጭው በመስታወት ጀርባ የቆመ ቢጫ ብርሃን ብቻ ነው። ክረምት የለም፣ መስከረም የለም፣ ደወል የለም። ፓስፖርቷ ተቆልፎባታል። ሁለት ዓመት የተባለው ውል ሲያልቅ «ቆይ» አሏት፤ ከዚያ በኋላ «ቆይ» የሚለው ቃል ራሱ የምትኖርበት አገር ሆነ። የራሷ ስልክ አልነበራትም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ በእመቤቷ ስልክ ከእናቷ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ትነጋገራለች።

«ያንን ደቂቃ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብዬ አላባክነውም፣» አለችኝ።

ስለዚህ ቀኑን ራሷ ያዘችው። ከአገሯ ለብሳው ከሄደችው ነጠላ ክር እየመዘዘች፣ ቀኑ በመሸ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ለአንድ ዓመት አንድ ክር። በዐሥራ ሁለት ለሚካኤል፣ በሃያ አንድ ለማርያም ቋጠሮውን ድርብ ታደርገዋለች። በእነዚያ ቀናት እጇ ሰሃን ሲያጥብ ልቧ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ይውላል፤ ውኃው ሲፈስ የምትሰማው የጽናጽል ድምፅ ነው።

በዚያ ቤት የእመቤቷ እናት የሆኑ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሁሉም «ሐጃ» ይላቸዋል። ከአልጋ አይነሡም። የምታጥባቸውም የምታጎርሳቸውም ውቢት ነበረች። ሐጃ በመቁጠሪያቸው ሲቆጥሩ እሷ በክሯ ትቆጥራለች፤ አንዳቸውም ሌላውን «ምንድን ነው የምትቆጥሪው?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። በአራተኛው ዓመት፣ በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ሚካኤል ነው ባለችው ዕለት፣ ጠዋት ክሩን በመዳፏ ጨብጣ ተሳለች፦ ዛሬ ቀንህ ነው፤ ካወጣኸኝ ጃንጥላህን በእጄ ጠልፌ አመጣለሁ። ቀኑ እንደ ሌላው ቀን አለፈ። ፀሐይ ገብታ፣ ሐጃ የመግሪብ ጸሎታቸውን አድርሰው ሲያበቁ ጠሯት። ከአልጋቸው አጠገብ ያለችውን ሣጥን አስከፈቷትና ፓስፖርቷን አውጥተው ሰጧት።

«ልጄ ትቆጣለች፣» አሏት። «እኔን ግን አትመታኝም። ሂጂ።»

የቤቱ ሾፌር በሐጃ ትእዛዝ ኤምባሲ በር ላይ አወረዳት። ከዚያ ወዲያ ቋጠሮ አልቋጠረችም።

ወረቀቴን አስተካክዬ «ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ጽሑፉን የተሟላ ለማድረግ ጠየቅኋት።

«ዕለቱስ ምን ነበር?»

«እሑድ። የቤቱ ልጆች ከዕረፍት በኋላ ትምህርት የጀመሩበት ቀን ነው፤ እዚያ ሳምንቱ የሚጀምረው በእሑድ ነው። ይኸንስ አልረሳውም።»

ዕለትና ቀን ማገናኘት ለእኔ ጨዋታ ነው። በልቤ ከመስከረም አንድ ተነሥቼ ቆጠርኩ።

«ሰኞ ነው፣» አልኳት።

«ምኑ?»

«በ2009 ኅዳር ዐሥራ ሁለት የዋለው ሰኞ ነው። እሑድ ዐሥራ አንድ ነበር።»

ሳቀች። «ያን ጊዜ አንች ልጅ ነበርሽ።»

«ሒሳቡ ልጅ አልነበረም፣» አልኩ።

ፈገግታዋ በፊቷ ላይ ቆየ፤ ዓይኗ ግን ጥሎት ሄደ። ወጥታ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ተመለሰች። በውስጧ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለሉ ክሮች ነበሩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩና ክሮቹን መቁጠር ጀመርኩ። ከእጅ ብዛት ግራጫ ሆነዋል። ቋጠሮዎቹ ከሰናፍጭ ፍሬ አይበልጡም፤ በጣቴ ጫፍ ሲያልፉ እያንዳንዱ አንድ የሠራችበት፣ አንድ የጠበቀችበት ቀን መሆኑን አሰብኩ፤ ነገር ግን ብዙ አላሰብኩም፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ። የ2007ን ክር ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ሦስት መቶ ስድሳ አምስት። ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ በየአራት ዓመቱ በሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። እዚህ አገር ማንም ይህን በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም፤ ዓመቱ የማን እንደሆነ ካህኑ ያውጃሉ፣ ሰው ሰምቶ ይሄዳል። ደወል በማይሰማበት ቤት ግን ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ናት።

«አገኘሁት!» ብዬ ተጣራሁ። ድምፄ የፈተና ውጤት አይቼ የምመለስበት ድምፅ እንደነበረ አሁን ድረስ አስታውሳለሁ። «ስድስተኛዋን ጳጉሜን አልቋጠርሻትም። ከዚያ ወዲያ ዓመት ከሁለት ወር አንድ ቀን ቀድመሽ ኖረሻል። ያንቺ ሃያ አንድ ሃያ ነበር። ያንቺ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ አንድ ነበር።»

ውቢት ክሩን ከእጄ ወሰደችው። መጨረሻውን ፈልጋ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ሉቃስ ነው ብሎ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፣» አለች በቀስታ። «እንግዲያ ማንን ነበር የምጠራው?»

«ችግር የለውም እኮ እትዬ፤ ዐሥራ አንድ ብለን እናርመው።»

«ዐሥራ አንድ የሚካኤል አይደለም።»

 ወረቀቴን ሰብስቤ ገባሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጃንጥላው በሱቁ ጥግ አልቆመም። ታጥፎ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ከጨርቅ ጥቅል በላይ ተቀመጠ። ንብረት የመጀመሪያውን ቀን «መልአኩ በረረ እንዴ?» አላት፤ ፊቷን ወደ መርፌዋ መለሰች። ሁለተኛውን ቀን እኔን መንገድ ላይ ጠብቆ «ይቺን ሴትዮ ምን አደረግሻት?» አለኝ፤ እየቀለደ አልነበረም። ውቢት ሌላ ጊዜ ማለዳ ኪዳን ሳታደርስ ሱቅ አትከፍትም ነበር። በዚያ ሳምንት ደወሉ ሲደወል በመጋረጃዬ በኩል አያታለሁ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፉ ድረስ ትመጣለች፣ ትቆማለች፣ ተመልሳ ትገባለች።

አንድ ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ሳለች ይቅርታ ልጠይቃት ገባሁ። ከእኔ ቀድማ ተናገረች።

«አልተቀየምኩሽም። ግን ስሚኝ። በዚያ ቤት ስሜን እንኳ ለውጠውብኝ ነበር፤ ለእነሱ በሚቀላቸው ስም ነበር የሚጠሩኝ። የእኔ ብዬ የያዝኩት ቀኑን ብቻ ነበር። ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ዛሬ ማርያም ናት እያልኩ ነው ሰው ሆኜ የተመለስኩት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በቀኑ ጠራሁት፣ በቀኑ ሰማኝ እያልኩ ኖሬያለሁ። አሁን በቀኑ አልጠራሁትም። የሰማኝ እንደነበር በምን አውቃለሁ? ሐጃ እንዲሁ አዝነውልኝ ቢሆንስ? ዘንድሮ ጃንጥላውን አልወስደውም፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልቆምም።»

እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በፈተና ሰሞን ነበር፤ እሱንም እውነቱን ለመናገር ልመና ሳይሆን ማስታወሻ ለማስያዝ ያህል። እምነት የሰው ሙሉ ሸክም የሚያርፍበት ምሰሶ መሆኑን ያየሁት ምሰሶውን ካነቃነቅሁት በኋላ ነው። በእነዚያ ቀናት ያ ነጭ ቤት በሕልሜ ይመጣ ጀመር። እኔ በክፍሎቹ ውስጥ ክር ይዤ እሄዳለሁ፤ ቋጠሮዎቹን እቆጥራለሁ፤ አንዲት አሮጊት ከአልጋቸው ሆነው ያዩኛል፤ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ስደርስ ክሩ ጉም ይሆንና በጣቶቼ መካከል ይወጣል።

በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው «የንስሐ አባትሽን እንጠይቃቸው፣» አልኳት።

«ምን ብዬ? ዘጠኝ ዓመት ያወራሁላቸውን?»

«ስሕተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ጸጥ ያለውን የበጠበጥሽውም አንች ነሽ፣» አለች፤ በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ጥቂት ሲፈታ አየሁ።

በማግስቱ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርን። ጉሙ መንገዱን ዋጥ ሲያደርገውና ሲተፋው አንበሳሜ ደረስን፤ ከዚያ በእግር። ፀሐይዋ ወጥታ የደረሰውን ጤፍ ስትነካው ዳገቱ ሁሉ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። ከሩቅ የአጫጆች ድምፅ ይመጣል፤ ሰዎቹ አይታዩም። የንስሐ አባቷ ቄስ ይርጋ ከማሳቸው መካከል ነበሩ፤ ሸማቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጥምጥማቸውን ቁጥቋጦ ላይ ሰቅለው ያጭዳሉ። ሲያዩን ማጭዳቸውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉ፣ ከኪሳቸው ትንሽ የእጅ መስቀል አወጡ። ተሳልመን ነዶ ላይ ተቀመጥን።

«ምነው ውቢት፣ በደኅና? በዓሉ ሳይደርስ?»

«በደኅና አይደለም አባ። ይቺ ልጅ ትንገርዎት።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአቶ ሀብታሙ ልጅ ነኝ፣ ከወረታ። ፋሲካ እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ እማራለሁ።»

«ጎበዝ ነሽ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ውቢት «አንደኛ ናት፣» አለች። ያንን ሁሉ ካደረግኋት በኋላ በድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበር፤ አንገቴን ደፋሁ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ክሩን፣ ጳጉሜንን፣ እሑድና ሰኞን። ቄስ ይርጋ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አንጓ ላይ አውራ ጣታቸውን እያሳለፉ ቆጠሩ፤ ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን በምታወጣበት በባሕረ ሐሳብ መንገድ። ከእኔ ዘግይተው ጨረሱ፤ ነገር ግን ወረቀት አልፈለጉም።

«ልክ ናት፣» አሉ። «ዐሥራ አንድ ነው።»

ውቢት ዓይኗን ወደ መሬት አወረደች።

«እኔ በተቀባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣» አሉ ቄስ ይርጋ ድንገት፣ «የነነዌን ጾም በአንድ ሳምንት አስቀድሜ አወጅኩ። ቀመሩ ተሳስቶብኝ ነው። አጥቢያው ሁሉ ሦስት ቀን ጾመ። በሳምንቱ ስሕተቴ ታወቀና እንደገና ጾሙ አልኳቸው። ጾሙ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ፣ እንጀራ ዘገየ ባልኳት ቁጥር ‹ነነዌ ነው፤ አላወጅክም እንዴ?› ትለኛለች።»

ውቢት ሳትፈልግ ሳቀች።

«የመጀመሪያውን ጾም እግዚአብሔር ምን አደረገው? አልመለሰልንም፤ እሱው ዘንድ ነው ያለው።» ቀና ብለው አዩዋት። «አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኒያ አሮጊት የጠሩሽ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«ፀሐይ ከገባች በኋላ አባ። ጸሎታቸውን አድርሰው።»

«ጨልሞ ነበር?»

«መብራት ያበራሁላቸው እኔ ነኝ።»

ቄስ ይርጋ ወደ እኔ ዞሩ። «አንች ልጅ፣ ቀን የሚጀምረው መቼ ነው?»

«ሲነጋ፣» አልኩ። ከዚያ የተማርኩት ትዝ አለኝና «ወይም እኩለ ሌሊት ላይ።»

«እኛ ዘንድ ከማታው ነው። ፀሐይ ስትገባ የነገው በዓል ገብቷል።» በማጭዳቸው ጫፍ ከጥዶቹ መካከል ወደሚታየው የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አመለከቱ። «በዚያ ዓመት ኅዳር ዐሥራ አንድ ማታ እኔ እዚያ ነበርኩ። ዋዜማ ቆመን ነበር፤ ይኸ አጥቢያ ሁሉ፣ እናትሽም ጭምር፤ ታመው በሰው ተደግፈው መጥተው። የመልአኩን ስም እየጠራን ነበር። ፓስፖርትሽን የተቀበልሽው በዚያ ሰዓት ነው።»

ውቢት አልተንቀሳቀሰችም። ነፋሱ የነዶውን ጫፍ እያነሣ ያስቀምጠው ነበር።

እኔ ግን ቁጥሩ ራሱ በውስጤ መሄድ ጀመረ፤ ያን ጊዜ ያላሰላሁትን አሰላ። ያቺ ቋጠሮ ባትጎድል ኖሮ ውቢት የምትሳለው በማግስቱ ሰኞ ነበር፤ ሰኞ ፀሐይ ስትገባ ታቦቱ ገብቶ፣ ሕዝቡ ተበትኖ፣ እናቷ ቤቷ ተኝታ፣ በሩ ተዘግቶ ነበር። ያን ምሽት ከአጥቢያዋ ጋር በአንድ ሰዓት የቆመችው ቀኑን ስለተሳሳተች ነው። ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩት፤ ድምፄ የፈተና ድምፅ አልነበረም።

«እናቴ መጥታ ነበር?» አለች ውቢት፤ ከሁሉ የሰማችው እሱን ነው። «አልነገረችኝም።»

«ቆመው አመሹ። ቁጭ ይበሉ ስንላቸው እምቢ አሉ።»

ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ድምፅ የሌለው ለቅሶ። ቄስ ይርጋም እኔም አልከለከልናትም። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

«የቀሩትስ ቀኖች አባ? ዓመት ከሁለት ወር አለ።»

«እሱን አላውቅም፣» አሉ። «ያንን የነነዌ ጾሜን የተቀበለውን ስታገኚው ጠይቂው።» ከዚያ ተነሥተው ማጭዳቸውን አነሡ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። በሉ፣ እንግዳ ነን ብላችሁ አትቀመጡ፤ ይኸ ጤፍ ይጠብቃችኋል።»

እስከ ቀትር አጨድን። ውቢት ማጭዱን ከያዘች በኋላ የሃያ ዓመት ልጅ ሆነች፤ እኔ ያሰርኩት ነዶ ሦስት ጊዜ ተፈታ። ቄስ ይርጋ በሦስተኛው ጊዜ «በዚህስ ስንተኛ ትወጪያለሽ?» አሉኝ።

ደብረ ታቦር ስንመለስ ጃንጥላው ከከረጢቱ ወጣ። ንብረት ከበሩ ላይ ሆኖ አየና «ተመለሰ?» አለ። «መንገድ ላይ አገኘነው፣» አለችው። እኔ ወረቀቴን ይዤ ምን እንደምጽፍ ጠየቅኋት።

«ቁጥር ይቅር። የክርስትና ስሜን ጻፊ፤ ከዚያ ‹በዋዜማህ የሰማሃት› በይ።»

«ወለተ ሚካኤል፣ በዋዜማህ የሰማሃት» ብዬ ጻፍኩ፤ በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ተጠንቅቄ የጻፍኩት እሱን ነው። በሁለት ቀን ጠለፈችው። ከዚያ የብስኩት ቆርቆሮዋን ከፍታ የ2007ን ክር አወጣች፤ በዘርፉ ሥር፣ ከውጭ በማይታይበት በኩል፣ ዙሪያውን ሰፋችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ትንሽ ክር ተርፎ ተንጠልጥሏል። እጇ ቆመ። ስድስተኛዋን ጳጉሜን ልትቋጥራት ነው ብዬ ጠበቅኩ። ክሩን በመርፌዋ ወደ ውስጥ አስገብታ ሰፋችው፤ አልቋጠረቻትም።

ኅዳር ዐሥራ አንድ ቀን፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ደረስን። ጃንጥላውን በአቡጀዴው ጠቅልላ ውቢት በደረቷ ታቅፋዋለች። ከውስጥ ከበሮው መመታት ጀምሯል፤ ቀስ ብሎ፣ ገና እንደሚያስብ ሰው። በበሩ ላይ ታደሰ የሚባሉ ዘበኛ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ጥቅሉን አይተው ብድግ አሉ።

«ስለት ነው?»

«አዎ አባቴ፣ ስለት ነው።»

«ነገ ነው እኮ ልጄ፤ ስለት የሚገባው ነገ ነው። ዛሬ ገና ዐሥራ አንድ ነው።»

«አውቃለሁ፣» አለች ውቢት። አቡጀዴውን ፈትታ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ ጃንጥላውን ዘረጋችው፣ ገባች።